ኮሪያ ነው ያልኩሽ

ሚዛን ተፈሪ ገበያ ቅመም ተራ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ማናልሞሽን ነው፤ ሳያያት በፊት ግን ድምጿን ይሰማል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጣ ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬና እርድ ሸጣለች። ኮረሪማውን እያነሳች ደጋግማ የምታሸት ገበያተኛ ካጋጠመቻት «በይ አግቢው እንግዲህ!» ትላታለች። ሴትየዋ ተቆጥታ ትሄድና በሳምንቱ ተመልሳ ትገዛለች፤ የማናልሞሽ ምላስ ቢያቃጥልም ሚዛኗ አይዋሽም። እንዲህ ያለች ሴት አንድ ቀን ትልቅ ጥፋት ትሠራለች ቢባል፣ ማንም ሰው በምላሷ ነው ብሎ ይገምታል። እሷ ግን የሠራችው ዝም ብላ ነው።

ነገሩ የጀመረው አምና ቴፒ ላይ ነው። የወንድሟ ልጅ ሰርግ ነበር። እሷና እህቷ ሰርካዲስ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ሊነሱ ጎን ለጎን ቆሙ። ሰርካዲስ ታላቅ ናት፤ በአራት ዓመት ትበልጣታለች። ፎቶ አንሺው አሮን የሚባል፣ ጸጉሩን አናቱ ላይ የቆለለ ጎረምሳ ነው። ካሜራውን ከዓይኑ ሳያነሳ ሰርካዲስን «እህት፣ ማዘርን ትንሽ ወደ አንቺ አስጠጊያቸው» አላት።

ማዘር የተባለችው ማናልሞሽ ነበረች።

ይህስ ባልከፋ፤ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። የከፋው ሰርካዲስ ያደረገችው ነው። «ታናሼ ናት» ብትለው ምን ነበረበት? እሷ እቴ! ፈገግ አለችና ማናልሞሽን በትከሻዋ አቅፋ፣ አሮጊት እንደሚደግፍ ሰው ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ አስጠጋቻት። ያ ፎቶ ዛሬም ወንድማቸው ሳሎን ተሰቅሏል። ማናልሞሽ ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድሟ ቤት ስትሄድ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ነው የምትቀመጠው።

እውነቱን ለመናገር በፎቶ አንሺው ላይ ብዙ አይፈረድም። ሰርካዲስ ማሻ ላይ መዝገብ ቤት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ፀሐይ የምታያት በመስኮት በኩል ነው፤ የቀረውን የማሻ ጉም ይከልልላታል። ጃንጥላ ሳትይዝ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ማናልሞሽ ደግሞ ኮረሪማ ፀሐይ ላይ ስታሰጣ፣ ስትገለብጥ፣ ዝናብ ሲመጣ እየሮጠች ስትሰበስብ፣ ጭስ ላይ ስታደርቅ የኖረች ናት። እጇ በሳሙና ታጥቦ እንኳ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል።

ዘንድሮ በጥር መጨረሻ ልጇ ራሔል ልታገባ ሆነ። ሙሽራው የአሮን ጓደኛ ስለሆነ ፎቶ የሚያነሳው ያው አሮን ነው። ሰርካዲስም ከማሻ ትመጣለች። ፎቶው የራሔል ሳሎን ውስጥ ዕድሜ ልኩን ይሰቀላል፤ የልጅ ልጆች በጣታቸው እየጠቆሙ «ይቺ ማናት?» ይሉበታል። ማናልሞሽ በገዛ ልጇ ሰርግ የእህቷ እናት መስላ ላትቆም ማለች። ሦስት ሳምንት ቀርቷታል።

ግቢዋ ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ዲቦራ የምትባል የሸኮ ልጅ አለች፤ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። የኮሪያ ድራማ እያየች ታለቅሳለች፣ የሩዝ እጣቢ ፊቷን ትቀባለች። ማናልሞሽ ይህን አይታ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ ስታሾፍባት ከርማለች። «እኛ ቤት የሩዝ እጣቢ የሚሰጠው ለበግ ነው» ትል ነበር። ታዲያ አሁን በምን አፏ ትጠይቃት? አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የልጅቷ በር ላይ ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዲቦራ፣ ያ… ለበግ የሚሰጠው ነገር፣ ለሰው ይሆናል?»

ዲቦራ አልሳቀችም። ለዚህ ማናልሞሽ እስከ ዛሬ ታመሰግናታለች።

«ይሆናል እትዬ ማናል። ኮሪያ አገር ሴቶቹ የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። ሁሉም ጓዳ ውስጥ ያለ ነገር ነው። በአንድ ወር ፊትዎ መስታወት ይሆናል።»

«መስታወት? ሰው መጥቶ ጸጉሩን ሊያበጥርብኝ ነው?»

«ይጠራል ለማለት ነው።»

«እኔ ያለኝ ሦስት ሳምንት ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ እንጀምር» አለች ዲቦራ።

ጀመሩ። የጉራፈርዳ ሩዝ ይታጠብና የመጀመሪያው ውሃ ይደፋል፤ ሁለተኛው በጠርሙስ ተደርጎ እስኪኮመጥጥ ሁለት ቀን ይቀመጣል። ጠዋትና ማታ ፊት የሚታጠበው በእሱ ነው። ሻይ ቅጠል ተፈልቶ ይቀዘቅዝና በጥጥ ዓይን ሥር ይደረጋል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ የእንቁላሉ ነጭ ከማር ጋር ተመትቶ ፊት ላይ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ ይጠበቃል። ማስክ የሚባለው ይሄኛው ነው። ማናልሞሽ ማስክ ሲባል የምታውቀው የኮሮናውን ነበርና መጀመሪያ ቀን አፍና አፍንጫዋን ብቻ ቀብታ ልትነሳ ነበር። እንቁላሉን ደግሞ ረቡዕና ዓርብ በጭራሽ አልነካም አለች።

«እትዬ፣ አይበሉትም እኮ። ፊት ላይ ነው የሚቀባው።»

«ፊቴም ይጾማል» አለች ማናልሞሽ።

ከሁሉ የከበዳት ዝምታው ነው። ዲቦራ ደጋግማ አስጠንቅቃታለች፦ ማስኩ ሲደርቅ መናገር የለም፣ መሳቅ የለም፤ ከተሰነጠቀ ፊት ይሸበሸባል። አንድ ቀን ጎረቤት እርድ ፈልጋ ብትመጣ፣ ማናልሞሽ በር ገርበብ አድርጋ እጇን ብቻ አውጥታ ሰጠቻት። ጎረቤቲቱ ማናልሞሽ ምላሷ ታስሮባታል ብላ ጸበል ይዛላት ተመለሰች።

ነገሩ በምስጢር የተያዘ ነበር። በሦስተኛው ቀን ባሏ ጌታሁን ከቡና ማሳ ደክሞ ገባ፣ ከጓዳ ጠርሙሱን አነሳና ግማሽ ድረስ ጨለጠው። አፉን በእጁ ጠርጎ «ማናል፣ ቦርዴሽ ቀጥኗል» አላት።

ማናልሞሽ በሕይወቷ ቦርዴ ጠምቃ አታውቅም። «እህሉ ትንሽ ነበር» አለችው። ጌታሁን ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን በየቀኑ ሲጋራት ሰነበተ። እስከ ሰርጉ ዋዜማ ድረስ የሆድ ቁርጠት የሚባል አላወቀውም፤ ፊቱ ግን ያው ነው።

ገበያ ላይ ደግሞ ዐፊፋ አለች። ከማናልሞሽ አጠገብ ተቀምጣ ማርና ቅቤ የምትሸጥ የጅማ ሴት ናት፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር የለም። ማናልሞሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ማር ከእሷ ስትገዛ አላስቻላትም።

«ማናል፣ ጌታሁን ስኳር አለበት አላልሽኝም?»

«ለኔ ነው። ጉሮሮዬን እያመመኝ ነው።»

«ወላሂ ጉሮሮሽ አይመስለኝም። ድምፅሽ እንደሆነ ገበያውን ሁሉ እያደነቆረ ነው።» ዐፊፋ ጠጋ ብላ አየቻት። «ፊትሽ ግን ምን ሆኗል? ጠርቷል እኮ!»

ማናልሞሽ ከደስታዋ ብዛት ፊት ለፊቷ ለቆመችው ገበያተኛ አንድ እፍኝ ኮረሪማ መረቀችላት። ቅመም ተራው ይህን አይቶ አያውቅም።

በሰርጉ ሳምንት ሰኞ ራሔል እናቷን ፎቶ አንስታ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። በማግስቱ ከሰዓት ስልክ ጮኸ። ሰርካዲስ ናት። የደወለችው ደግሞ በክፉ ሰዓት ነው፤ ማናልሞሽ እንቁላልና ማሩን ተቀብታ፣ ፊቷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ወንበር ላይ ተገትራለች። አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ማኔ! ፎቶሽን አየሁት። ምን አድርገሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠራው?»

«ምም» አለች ማናልሞሽ።

«ንገሪኝ እንጂ! እህትሽ አይደለሁም?»

ማናልሞሽ ከንፈሯን ሳታላቅቅ፣ ጥርሷን እንደ ነከሰች «ኮሪያ ማስክ» አለች።

«ምን? ኮረሪማ?»

ማናልሞሽ ዝም አለች።

«ኮረሪማ! እኔ ሞኟ! ዕድሜሽን ሙሉ በእጅሽ ስታሽው የኖርሽው ነው እኮ፣ እንዴት አላሰብኩትም? ተፈጭቶ ነው አይደል? በምንድን ነው የሚለወሰው?»

«አይደለም» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ማናልሞሽ ልትላት አፏን ስታላቅቅ፣ አምና ቴፒ ላይ ትከሻዋን ያቀፋት ያ እጅ ትዝ አላት። ማስኩም ገና አልደረቀም።

«በማር» አለች።

ውሸት አልተናገረችም፤ ማር አለው። ስልኩ ሲዘጋ ፊቷ እንዳይሰነጠቅ በሆዷ ሳቀች። እህቷ ትሞክረዋለች፣ ታስነጥሳለች፣ ታጥባ ትተወዋለች፤ ከዚያ የባሰ ምን ይመጣል እያለች ራሷን አሳመነች። ማስኩን ታጠበች። ረቡዕ አለፈ፣ ደውላ አላረመቻትም። ሐሙስ ገበያ ላይ ቁጭ ብላ ስታሰላስል ቆየችና ወደ ዐፊፋ ዞረች።

«ዐፊፋ፣ ኮረሪማ ፊት ያቃጥላል?»

«ሃያ ስምንት ዓመት የሸጥሽው አንቺ፤ የምትጠይቂው እኔን?» አለች ዐፊፋ። «የማንን ፊት?»

«የማንንም።»

ዐፊፋ ብዙ አልጠየቀችም። ጎንበስ ብላ ቅቤዋን ስታስተካክል ግን «ደውይላት» አለች። ማናልሞሽ አልሰማሁም አለች። አልደወለችም። ሐሙስ ለት ማመካኛ የሚሆን ማስክ ፊቷ ላይ አልነበረም።

ሰርጉ እሑድ ነው። ዓርብ ከሰዓት ሰርካዲስ ከማሻ ተነስታ በጌጫና በቴፒ አድርጋ ሚዛን ገባች። ከሚኒባስ ስትወርድ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። «ጥርሴን አሞኝ ነው» አለች። ቤት ሲደርሱም ድንኳን ከሚተክሉት ወንዶችና ሽንኩርት ከሚልጡት ሴቶች መሃል ማንንም ሳትስም አልፋ መኝታ ቤት ገባች። ማናልሞሽ ተከትላት ገብታ በሩን ዘጋች።

ሰርካዲስ ነጠላዋን አወረደች። ጉንጮቿ ቀልተው አብጠዋል፣ ግንባሯ ተልጧል። የማሻ ጉም ያን ያህል ዘመን የጠበቀው ፊት የፈላ ውሃ የነካው ቲማቲም መስሏል። ማናልሞሽን ቀድሞ የመጣባት ሳቅ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ እዚያው ቆመ፤ ሰርካዲስ እያለቀሰች ነበር። እናታቸው ስትሞት እንኳ ሰው ፊት ድምፅ አውጥታ ያላለቀሰች ሴት ናት።

«ስንት ሰዓት አቆየሽው?» አለች ማናልሞሽ።

«አሳደርኩት።»

«አሳደርሽው! በማር ብቻ?»

«ዝንጅብል ጨመርኩበት።»

«ዝንጅብሉን ማን አለሽ?»

«ማንም አላለኝ። ከአንቺ እንዳላንስ ብዬ ነው።» ሰርካዲስ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ከጌጫ እስከ ቴፒ ዶሮ ወጥ ሸተተኝ እያለ ነው የመጣው። በዓርብ! እኔ ፎቶ አልነሳም ማኔ። ጓዳ ሆኜ ድስት እጠብቃለሁ። ለራሔል አሟታል በያት።»

ማናልሞሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓመት ሙሉ የተመኘችው ይኸው ሞላላት፤ እህቷ ጓዳ ውስጥ፣ እሷ ፎቶው መሃል። ደስታው ግን አልመጣላትም። አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

«እታለም» አለች። «እኔ ኮረሪማ አላልኩሽም። ኮሪያ ነው ያልኩሽ። የኮሪያ ማስክ።»

ሰርካዲስ እንባዋን መጥረግ አቆመች።

«ኮረሪማ ስልሽ ሰምተሽኛል?»

«ሰምቼሻለሁ።»

«ሰምተሽ ዝም አልሽኝ?»

«ዝም አልኩሽ።»

ደጅ አንድ ሰው የድንኳን ካስማ እየመታ ነበር። ማናልሞሽ ስድብ ጠበቀች፤ ብትሰደብ ይቀላት ነበር። ሰርካዲስ ግን ነጠላዋን ጭኗ ላይ አጠፈች።

«ቴፒ ላይ እኔም ዝም ብያለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ደስ ብሎኝ ነበር ማኔ። እግዜር ይይልኝ፣ ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ለእኔማ ደስታው እስከ ሐሙስም አልቆየልኝ» አለች ማናልሞሽ።

ዲቦራ ተጠራች። የሰርካዲስን ፊት ስታይ ጮኸችና አፏን በእጇ ያዘች። «ምንም እንዳይነካ! ማርም፣ እንቁላልም፣ ሩዝም፣ ምንም!» አለች። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ሆነ። ማናልሞሽ ለቅዳሜ ያቆየችው የመጨረሻ ማስክ ነበራት፤ ፎቶውን ያሳምረዋል የተባለው እሱ ነበር። እንቁላሉን ጌታሁን ጠብሶ በላው። እሷ ሽንኩርቱንም፣ ድስቱንም ለሌሎች ትታ ቅዳሜን ሙሉ የእህቷን ጨርቅ ስትቀያይር ዋለች። ማታ ላይ እብጠቱ ቀለለ፤ ቅላቱ ግን አልለቀቀም።

እሑድ ለት ራሔል ነጭ ለብሳ ድንኳኑ መሃል ቆመች። «እቴቴ ሰርኬ ካልመጣች አልነሳም» ብላ ሰርካዲስን ከጓዳ አስወጥታታለች። ሰርካዲስ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ አንገቷን ደፍታ መጣች። የማናልሞሽ ፊት ያን ቀን እውነትም ጠርቶ ነበር፤ ዲቦራ ከዳር ሆና በኩራት ታያታለች። አሮን ጸጉሩን እንደ ቆለለ መጣ፣ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አደረገና ወደ ማናልሞሽ በእጁ አመለከተ።

«እህት፣ ማዘርን ትንሽ ወደ አንቺ አስጠጊያቸው።»

ቃል በቃል ያችው የአምናዋ ናት። ማናልሞሽ ዓመት ሙሉ በሕልሟም በእውኗም የሰማቻት። ማዘር የተባለችው ግን ዛሬ ሰርካዲስ ነበረች። ማናልሞሽ ዞር ብላ እህቷን አየቻት። ሰርካዲስ ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ላይ ስባ አንድ እርምጃ ወደኋላ እያለች ነበር። ዝም ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ማናልሞሽ ግን በዚያ በቅመም ተራ ድምጿ፣ ድንኳኑ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች።

«ማዘር አይደለችም! እህቴ ናት። ታናሽ እህቴ!»

አሮን ደንግጦ ካሜራውን አወረደ፤ ይቅርታ ይቅርታ እያለ ሁለቴ እጅ ነሳ። ጌታሁን ጣቱን እየቆጠረ አንድ ነገር ሊል ሲል ዐፊፋ ከኋላው በክርኗ ጎሸመችው። ማናልሞሽ እህቷን በትከሻዋ አቅፋ ወደ ራሷ አስጠጋቻት።

ሰርካዲስ በነጠላዋ ውስጥ ሆና ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች። «በስንት ዓመት?»

«በአራት።»

«ስድስት አድርጊልኝ።»

ፎቶው የተነሳው ያኔ ነው። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። የሰርካዲስ ነጠላ ወርዶ ቀይ ጉንጯ ወጥቷል። የማናልሞሽ ፊት የሦስት ሳምንቱ ሩዝ ጨርሶ ያልነካው ይመስል ከዓይኗ ጥግ እስከ አገጯ ተሸብሽቧል። አሮን ሌሎችም አሉ፣ ከነሱ ምረጡ ቢል ራሔል ይሄንኑ ነው የምፈልገው አለችና ሳሎኗ ሰቀለችው። ማናልሞሽ ልጇ ቤት ስትሄድ ከፎቶው ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ከሁለቱ ታላቋ ማናት ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ «እኔ ነኝ» ትለዋለች። ሰርካዲስም አብራ ካለች፣ አታርማትም።